ያልጠለቀው ራስ

ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ፣ የጎረቤቱን ጣሪያ ውጦ፣ ይህች ልጅ እስካሁን ከገደሉ አፋፍ ላይ ምን ትሠራለች?

እማማ ፒልዬ ጥያቄውን ለሩዙ ድስት ጠየቁት፤ ለግድግዳው መስቀል ጠየቁት፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለተለጠፈው ነጭ ባዶም ጠየቁት። ጉም መልስ አይሰጥም። ጉም የሚያውቀው መውሰድ ብቻ ነው።

በወታደር በሚጠበቅ ድንበር ጥግ ባለችው በቤንግኒዮንግ ደሴት የሰኔ ጉም እንግዳ አይደለም። እንደ ሰነፍ አማች ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይሉት ይቀመጣል፣ በፈለገ ጊዜ ይሄዳል። እማማ ፒልዬ ግን ፀጉራቸው እስኪነጣ አብረውት ኖረው አልለመዱትም። አንድ ልጃቸውን፣ የዳንቢን አባት፣ ከባሕር ላይ የወሰደው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ልጃቸው ሲጠፋ ዳንቢ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር። እናቷ ወደ ኢንቾን ከተማ ተሻግራ ሌላ ባል አገባች፤ ልጅቷ ለአያቷ ቀረች። ሬሳ ያልተቀበረለት ቤት በሩ ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው ይላሉ፤ ሰው አይገባበትም፣ ብርዱ ግን ይገባል።

ዳንቢ አሁን ሙሉ ሴት ናት። በደሴቱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ጡረታ ከወጡት ከመምህር ኖ ጋር ሃኑልጄ ገደል ላይ ትወጣለች። በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራቸው አቆስጣ መጠበቅና መቁጠር ነው፤ እነዚያን ሆዳቸው እንደ በሰለ ዱባ የተነፋ፣ ቆዳቸው ላይ ጥቁር ጠብታ የተረጨባቸው፣ በደሴቱ ሽማግሌዎች አፍ «ኦምፑጊ» የሚባሉ የባሕር አውሬዎች። ባሕሩ ሲሸሽ ዓለቱ ላይ ወጥተው ይጋደማሉ፤ ባሕሩ ሲሞላ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ውሃው ላይ የሚታየው ራሳቸው ብቻ ነው። ክብ፣ ጥቁር፣ እንደ ሰው የሚያይ። ብቅ ይላል፣ ያይሃል፣ ይጠልቃል።

«ማን ይሰርቃቸዋል ብላችሁ ነው የምትቆጥሯቸው?» ይሏት ነበር እማማ ፒልዬ።

«እንዳያልቁ ነው፣ አያቴ።»

«እኔም አንቺ እንዳታልቂብኝ እቆጥርሻለሁ። አንድ ነሽ። ቆጠራው አያደክምም።»

ልጅቷ ትስቅ ነበር። ከእሑድ ወዲህ ግን መሳቅ ትታለች። የሳቋ ምክንያትም፣ የዝምታዋም ምክንያት አንድ ሰው ነው፦ ሶክጁ፣ የዓሣ አጥማጁ የቻንግሶ ልጅ።

ቻንግሶ ኦምፑጊዎቹን አይወድም። መረቡን ይቀድዱበታል፣ ዓሣውን በልተው ራሱን ብቻ ይተዉለታል። መምህር ኖንና ጓደኞቻቸውን «የአቆስጣ ሞግዚቶች» ነው የሚላቸው፤ ወደብ ላይ ሲያገኛቸውም «ልጆቻችሁ ዛሬም ምሳዬን በሉ፤ ጡጦ አልሰጣችኋቸውም እንዴ?» ይላል። ልጁ ሶክጁ ግን ዝምተኛ ነው። ጠላቂ ነው፤ ጥቁር የጎማ ልብሱን ለብሶ ከባሕሩ ወለል ሥጋው የሚበላ ዛጎል ይለቅማል። አንድ ቀን ከዓለቶቹ መካከል ራሱን ብቅ አድርጎ ወደ ገደሉ ሲያይ፣ ዳንቢ ባለ ሦስት እግሩን የርቀት መነጽር ይዛ ነበርና ከኦምፑጊዎቹ ጋር ደምራ ቆጠረችው። መምህር ኖ አጎንብሰው አዩና «ዳንቢ፣ አንዱ ጢም የለውም» አሏት። ልጁ እጁን አነሳ። እሷም ከኀፍረቷ የተነሳ ሻርፗን ፈታ አውለበለበችለት። ፍቅራቸው እንዲያ ተጀመረ፤ በቆጠራ ስሕተት። ከዚያ በኋላ በወጣ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፣ እጁን ያነሳል፣ ይጠልቃል። ሻርፕ ይውለበለባል። በቃ። ሁለቱም ለቀናት የሚኖሩት በዚያች ቅጽበት ነበር።

እማማ ፒልዬ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶክጁ አንድ ሳፋ ዛጎል ይዞ ደጃፋቸው ሲቆም የጨከኑት።

«ሾርባ ይሁንዎ ብዬ ነው፣ እማማ» አለ።

«ዛጎሉን እቀበልሃለሁ። አንተን ግን አልቀበልህም። ክፉ ልጅ ሆነህ አይደለም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ባሕር ላይ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም፣ ሶክጁ። አንዱን ሰጥቻለሁ። ይበቃኛል።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። የእጁን ቁስል አየ፣ የሳፋውን ጠርዝ አየ። ከዚያ፣

«እሺ፣ እማማ» አለና ሄደ።

ዳንቢ ከመስኮቱ ጀርባ ነበረች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ማታ ሳህን እያጠበች ብቻ፣ «እሺ አለ፣ አይደል?» አለች።

«ጨዋ ልጅ ነው።»

«አንድ ቃል እንኳ አልተከራከረም። ለዓሣ ዋጋ ከነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው፣ ለእኔ አንድ ቃል አላወጣም።»

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። በዚያ ቤት ግን ያቺ እሺ ከሺህ ስድብ ከፋች።

ዛሬ፣ ጉሙ መካከል፣ የውጪው በር ሲጢጥ አለ። እማማ ፒልዬ ጭልፋውን ጥለው ብቅ አሉ። ዳንቢ ናት፤ ጉም ፀጉሯ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ።

«የት ነበርሽ? ካልሲሽ ረጥቧል። ነይ የሞቀው ወለል ላይ እግርሽን አሙቂ። ምን አለ እነዚህ አውሬዎች አንድ ቀን እንኳ ራሳቸውን ቢቆጥሩ?»

«ጉሙ ድንገት ወረደ። መምህር ኖ ቆጠራውን አቋረጡት። ገመዱን ይዘን ነው ቀስ ብለን የወረድነው።»

ሩዝ ቀረበላት፤ የባሕር ቅጠል ሾርባ ቀረበላት፤ ኪምቺው፣ የኮመጠጠው ጎመን፣ ተቆረጠላት። ማንኪያውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበር፤ ግን ጣፋጭ አልነበረም።

«ዛሬም መጥቶ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ጢም የሌለው።» ሾርባውን አማሰለችው። «ከእሺታው በኋላ አይኑን በጨው አጥቦ ብቅ አለ። ከሰሜኑ ጠፍጣፋ ዓለት አጠገብ። እጁን አነሳ። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሻርፕ እንዳውለበልብለት።»

«አንቺስ?»

«መነጽሩን አዞርኩበት።»

እማማ ፒልዬ ልባቸው ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ የወረደ መሰላቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉ። «ዛሬ ያማል፤ ነገ ይሽራል። ብዪ።»

ልጅቷ ግን አልበላችም። ደግ መሥራቷን የነገሯት ሰው አትመስልም ነበር። ሁለቱም ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጡ፤ አንዷ የወደደችውን ሰው በመቅጣቷ እየተቃጠለች፣ አያቷ ማንኪያውን ወደ እሷ እየገፉ።

ጎረቤታቸው የኢልናም እናት ስትጮህ ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ ግቢ ገባ።

«እማማ ፒልዬ፣ አሉ? ኧረ ይክፈቱልኝ፤ ይሄ ጉም ከወደቡ ጀምሮ ወገቤን ይዞ አልለቀቀኝም፤ ባሌ ቢያየው ኖሮ ይጣላው ነበር።»

«ግቢ፣ ግቢ። አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ።»

ሴትዮዋ ገብታ ዳንቢን ስታይ ሳቋ ከፊቷ ላይ እንደ ተነጠቀ ነገር ሄደ። መቀመጥ አልፈለገችም። የአንገት ልብሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«አልሰማችሁም ማለት ነው» አለች። «የቻንግሶ ልጅ ጀልባ ተገኝታለች።»

«ጠፍታ ነበር እንዴ?»

«ደቡብ፣ አሸዋው ላይ ተጥላ። የመልሕቋ ገመድ በዓለት ተበልቶ ተቆርጧል። ሰው የለባትም።»

እማማ ፒልዬ ወደ ልጅቷ ማየት ፈልገው አንገታቸው እምቢ አለ።

«የጎማ ልብሱስ?» አለች ዳንቢ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «ጀልባው ውስጥ አለ?»

«የለም። ለብሶ ጠልቆ ሳለ ነው ጀልባዋ የሄደችበት ይላሉ። ወንዶቹ ሁሉ ደቡብ ናቸው። ውሃው ወደዚያ ስለሚጎትት እሱም ወደዚያ ነው የሚሆነው ብለው። ያውም ምን ይታያል? የገዛ እጅህን አታይም። እናቱ አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ የጀልባዋን ጎን ይዛ፣ ተነሺ እንኳ ብትባል...» የኢልናም እናት አልጨረሰችውም። «ቤተ ክርስቲያን ልሂድ። ሴቶቹን እየሰበሰቡ ነው። እናንተም ኑ።»

በሩ ተዘጋ። ሾርባው ላይ ቅባቱ ረግቶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እማማ ፒልዬ ሁልጊዜ ስለራሳቸው የተነገረ ይመስላቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ፍርሃቱ ቤቱን ተሳስቶ አልመጣም፤ እነሆ ሩዛቸው ፊት ተቀምጧል።

«አያቴ» አለች ዳንቢ።

«ዝም በዪ።»

«አልጠለቀም።»

«ዝም በዪ አልኩሽ፣ ልጄ።»

«ሲጫወት ይጠልቅ ነበር። እጁን ያነሳና ይጠልቃል። ኦምፑጊም ይጠልቃል። ዛሬ አልጠለቀም። እጁን አንስቶ አላወረደውም። እያየሁት ነበር። ምን ያህል ይቅለሰለሳል ብዬ ነበር በልቤ። ጀልባው የታል ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ ከዓለቱ ጀርባ መሰለኝ።» ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿን እየቆጠረች ትመስል ነበር። «ከዚያ መነጽሩን አዞርኩ። ልቤ ሲለሰልስ መልሼ ባዞረው ጉም ነው። ጉም ብቻ። ተናድዶ ሄደ ብዬ... አያቴ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተናደደ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እማማ ፒልዬ ተነሥተው ልጅቷን ሊያቅፉ ሄዱ፤ ነገር ግን ከእቅፉ በፊት ፍርሃታቸው ቀድሞ ተናገረ።

«ማን አየ? ኖ አይቷል?»

«እሳቸው የምዕራቡን ዓለት ነበር የያዙት። ሰሜኑን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።»

«እንግዲያ ማንም አላየም ማለት ነው።»

ዳንቢ ቀና ብላ አየቻቸው። ያ አስተያየት እማማ ፒልዬን ከጥፊ ይልቅ አቃጠላቸው፤ ግን አፋቸው መቆም አልቻለም።

«የዚህን ደሴት አፍ አታውቂውም። እኔ አውቀዋለሁ። እጁን አነሳላት፣ ፊቷን አዞረችበት ይሉሻል። እስክታረጂ ይሉሻል። ገበያ ስትወጪ ይሉሻል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ቦታ ይለቁልሻል፤ ለክብርሽ ሳይሆን ልብስሽ እንዳይነካቸው። ሆድ ይፍጀው። እሱ ጎበዝ ጠላቂ ነው፤ እግዜር ያውቃል፤ በራሱ ይወጣል።»

«ቢወጣ እስካሁን ይወጣ ነበር።»

«ዓለቱ ላይ ወጥቶ ይሆናል።»

«ዓለቱ አመሻሹ ላይ ይሰምጣል፣ አያቴ። ባሕሩ እየሞላ ነው። ኦምፑጊዎቹ እንኳ ይለቁታል።» ተነሣች። «እነሱ ደቡብ ነው የሚፈልጉት። እሱ ሰሜን ነው። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው አይቼ ነው ሳልቆጥር ያለፍኩት። ሰው።»

እማማ ፒልዬ ከልጅቷ ቀድመው በሩ ላይ ደረሱ። እንዴት እንደደረሱ አያውቁትም፤ ጉልበታቸው ለዓመታት እንዲህ ታዞላቸው አያውቅም። መድረኩ ላይ ተቀመጡና ሁለቱን መቃን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ወዴት ነው? ጉም ነው። ከመንገዱ ወዲያ እሾሃማ ሽቦ ነው፤ ከሽቦው ወዲያ የተቀበረው ፈንጂ አሁንም አለ። ወታደሮቹ በዚህ ጉም ሰው ይሁን አውሬ አይለዩም። ረግጠሽኝ እለፊ። አጥንቴን ረግጠሽ እለፊ እንጂ እኔ አልነሣም።»

ዳንቢ አልረገጠቻቸውም። ከኋላቸው ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ግንባሯን ጀርባቸው ላይ አስደገፈች፤ ትንሽ ሆና ነጎድጓድ ስትፈራ እንደምታደርገው። አያትየዋ የልጅቷን መንቀጥቀጥ በአጥንታቸው ሰሙት፣ የራሳቸውንም መንቀጥቀጥ ልጅቷ እንደምትሰማው አወቁ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

የመጣው ቻንግሶ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል፤ ውሃ ከጠርዙ ይንጠባጠባል። እማማ ፒልዬ ይህን ሰው ከሕፃንነቱ ያውቁታል፤ ድምፁ ከፍ ሳይል፣ አፉ ሳይቀልድ አይተውት አያውቁም። አሁን የቆመው ሰው ቀልድም ድምፅም የተሰረቀበት ይመስላል።

«የዳንቢ አያት፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና። ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር...»

«መምህር ኖን አገኘሁት። ሰሜኑን ስትመለከት የነበረችው ዳንቢ ናት አለኝ።» ባርኔጣውን አዞረው። «ደቡቡን ፈልገን አጣነው። ሰሜኑን ልይ ስል የወታደሮቹ መኮንን ከለከለኝ። ሰሜኑ ድንበር ነው፤ እንኳን በጉም በፀሐይም ክልክል ነው። ያየ ሰው ካለ መጥቶ ጀልባው ላይ ይውጣ፣ ቦታውን በጣቱ ያሳይ፣ በግምት ሰው አልለቅም አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ባሕሩ የሚያስወጣውን የሽቦ በር ይዘጉታል። እና... ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ጀልባው ላይ ይውጣ። እማማ ፒልዬ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል አልሰሙትም። ጆሯቸው ውስጥ ባሕር ገባ።

«ልጅቷ ታማለች» አሉ። «ትኩሳት ነው። ጉምም ነበር። ምንም አላየችም፣ ቻንግሶ። ብታይ ኖሮ ትናገር ነበር።»

ሰውዬው የአሮጊቷን ፊት አየ፤ መቃኑን የያዙትን እጆች አየ። ምናልባት ገባው፤ ምናልባት አልገባውም።

«እሺ» አለና ዞረ።

«አባባ፣ አይሂዱ።»

ዳንቢ ከአያቷ ጀርባ ቆማለች።

«አይቼዋለሁ። ከሰሜኑ ጠፍጣፋ ዓለት አጠገብ፣ ግልገሎቹ የሚተኙበት ጥግ። እጁን አንስቶ ነበር። እኔ... ተኳርፈን ስለነበር የሚጫወት መሰለኝ። መነጽሩን አዞርኩበት። እያየኝ አዞርኩበት። ከዚያ ጉም ወረደ።»

እማማ ፒልዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እርግማኑን ጠበቁ። የዚህ ሰው እርግማን ወደብ ላይ ዝነኛ ነው፤ ሰባት ቤት ያናጋል። ልጃቸውን በጀርባቸው ሊከልሏት አከርካሪያቸውን አቀኑ።

ቻንግሶ ግን መጥቶ ከእግራቸው ሥር፣ ከድንጋዩ ደረጃ ላይ፣ እንደ ለማኝ ተቀመጠ።

«አንቺ ፊት ነው ያዞርሽበት» አለ፣ ለዳንቢም ሳይሆን ለባርኔጣው። «እኔ ያደረግኩትን አታውቂም። እሑድ ማታ መጣና ባሕሩን ልተው ነው አለኝ። ኢንቾን የጀልባ ሞተር ጥገና ቤት ሥራ አለ፣ ጠይቄያለሁ፣ እገባለሁ አለ። አብደሃል ወይ አልኩት። እማማ ፒልዬ ባሕር ላይ ለሚውል አልሰጥም አሉኝ፤ እኔም እሺ ብያቸዋለሁ አለኝ። እሺ ካልኩ እሺ ነው አለ።»

እማማ ፒልዬ የያዙት መቃን ከእጃቸው የሸሸ መሰላቸው። ያቺ ቃል። እነርሱ ልጁ ዳንቢን የተወባት ቃል አድርገው ሲሰሟት፣ እሱ ባሕሩን፣ አባቱን፣ የሚያውቀውን ሁሉ የተወባት ቃል ነበረች። ሁለት ሰው ሰምቷት አንዱም አልተረዳት።

«እሺ ያለው...» አለች ዳንቢ።

«ለአቆስጣ ሞግዚት ብለህ ጀልባዬን ከምትተው ብትሰምጥ ይሻለኛል አልኩት።» ቻንግሶ ይህን ሲናገር አፉ ከመንጠቆ እንደሚነቀል የዓሣ አፍ ተቀደደ። «የአባቱ አፍ ነው ያለው። ዛሬ የወጣው የመጨረሻ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ የቀረ ዕቃውን ሊያወጣ። ሁልጊዜ እሱ ሲጠልቅ ገመዱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ና አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ።»

ጉሙ በመካከላቸው ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ሰውዬው ተነሣ። ዳንቢን ነይ አላላትም። ፈቃድም አልለመነም። አሮጊቷን አንድ ጊዜ ብቻ አያቸው፣ አንገቱን ደፋ፣ ወደ ውጪው በር ሄዶ ከፈተው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። በሩን አልዘጋውም።

እማማ ፒልዬ ያንን ጀርባ ያውቁታል። ልጃቸው የጠፋ ጊዜ፣ ሌሎቹ ሁሉ ፍለጋውን ትተው ከገቡ በኋላ፣ የመጨረሻው ጀልባ የዚህ ሰው ነበር። መዳፉ በገመድ ተልጦ፣ ድምፁ በጥሪ ጠፍቶ፣ መጥቶ እዚያችው በር ላይ እንዲሁ ቆሞ ነበር፤ መግባትም መሄድም አቅቶት። ያን ጊዜ ቻንግሶ ወጣት ነበር፣ የትንሽ ልጅ አባት። ሚስቱ እያለቀሰች አትሂድ ስትለው ነበር የወጣው። ሚስቱ አልያዘችውም ማለት ነው፤ ወይም ይዛው ለቀቀችው። እማማ ፒልዬ ይህን ሁሉ ዘመን ያንን መልቀቅ አስበውት አያውቁም ነበር።

ለልጅቷ የሚሏት ሺህ ነገር ነበራቸው። መካከል ላይ ተቀመጪ። ጠርዙን አትያዢ። የአንገት ልብስሽን እጥፍ አድርጊው። ውሃውን ብዙ አትዪው፣ ያፈዛል። ስሙን ስትጠሪ ነፋስ ሲያርፍ ጥሪ። ተመለሺ። ከሁሉ በላይ ተመለሺ።

መቃኑን ለቀቁ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወደ ጎን ተንሸራተቱ፤ መተላለፊያው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ሆነ። አጎንብሰው ከደረጃው ድንጋይ ላይ የልጅቷን ጫማ አነሡ። ውስጡ እርጥብ አሸዋ ነበር፤ በመዳፋቸው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት፣ የሚጠረግ ሲያጡም ትንሽ ያዙት። ከዚያ ጫፉን ወደ ተከፈተው በር አዙረው አስቀመጡት።

ዳንቢ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጫማዋን አጠለቀች። ክሩን ስታስር ጣቶቿ ሁለት ጊዜ ሳቱ፤ አያቷ እጃቸውን ሊዘረጉ አሉና ተዉት፤ ራሷ አሠረችው። ለአንድ እስትንፋስ ያህል ትከሻዋ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ሞቃት ነበር። ያ ሙቀት እማማ ፒልዬን ከጉሙም ከባሕሩም ይበልጥ አስፈራቸው፤ በዓለም ላይ ያላቸው ሁሉ ያ ብቻ ነበርና። ቢሆንም አልያዙትም።

ልጅቷ ተነሣች፤ ቻንግሶን ተከትላ ወደ ወደቡ ወጣች።